እርሾ ያልኩት እኔ አይደለሁም

ፖሊሶች ምክንያቱን ሳይነግሩኝ የያዙኝ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ ደብተሬ ነበረች። እስር ቤቱ በር ላይ ወሰዷትና እኔን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። መስኮቱ ሥር ያለውን ደህና ቦታ አንድ ሽማግሌ ይዘውታል። በርበሬ አምራች ናቸው። ዘመዳቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ ፖሊሶች ዘመድየውን ሲያጡት እሳቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ መርማሪው ደብተሬን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«አጠውልግ ማነው?»

«ሰው አይደለም። የበርበሬ በሽታ ነው።»

«ሥር አበስብስስ?»

«እሱም በሽታ ነው።»

«ጥሩውን ሻጋታ በመጥፎው ላይ መልቀቅ ይላል። ጥሩዎቹ እነማን ናቸው?»

ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ነገር አስረዳሁት። የበርበሬን ሥር የሚያደርቅ ሻጋታ አፈር ውስጥ አለ፤ እሱን የሚበላ ሌላ ሻጋታም አለ። ይህን ሁለተኛውን አራብቶ ከኮምፖስት ጋር ችግኙ ሥር መጨመር ነው፣ አልኩት።

«ሻጋታ ደግሞ መድኃኒት ሆነ?» ብሎ ሳቀና ወደ ክፍሌ መለሰኝ። አልፈረድኩበትም። የማሠለጥናቸው ገበሬዎችም ሻጋታ ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር።

ክፍል ገብቼ እየተናደድኩ ሁሉን አወራሁ። ሽማግሌው እግራቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ታዲያ እርሾ ነዋ!» አሉ። «ደጉ ቀድሞ ከገባ ክፉው ቦታ ያጣል። ግን ልጄ፣ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ላይ ምን ይረባሃል? የችግኙን መደብ ከፍ አድርግ። አምና በርበሬ የነበረበት ላይም ዘንድሮ በቆሎ ዝራበት።»

ክፍሉ በሙሉ ወዲያው ገባው። አንድ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ፣ «አባባ ናቸው ዶክተሩ! አንተ ገና ፍሬሽ ነህ» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው «ዶክተር»፣ እኔ «ፍሬሽ» ሆንን።

ቀናሁ። ቅናቱ ያንገበግበኝ ነበር። መደቡን ከፍ አድርግ፣ ሰብል አፈራርቅ ማለቱን እኔም አውቀዋለሁ። ያቃጠለኝ ቃሉ ነው። ስድስት ዓመት ስፈልገው አጥቼ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አሉት። ዳቦ ሲቆርሱ ቀናሁባቸው፤ ሰው ሲስቅላቸው ቀናሁባቸው፤ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የሚላቸው ሰው ብዛት ሳይቀር አናደደኝ።

አርብ ዕለት መርማሪው እንደገና አስጠራኝ።

«ልክ እንደ እርሾ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ አትለኝም ነበር? ያን ዕለት ሙሉ ሻጋታ፣ ሻጋታ!»

ቃሌን አስተየበ። ከፈረምኩ ዛሬውኑ እንደምወጣ ነገረኝ። ወረቀቱ «ተጠርጣሪው ራሱ እርሾ ብሎ የሰየመው» ይላል። «ራሱ» የምትለዋን ሁለት ሦስቴ አነበብኳት። ደስ ትላለች። እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አንድ ስህተት አለ። ቃሉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«አንድ ገበሬ።» ከዚያ በላይ አልጨመርኩም።

«ለዚህች ብለህ? ጸሐፊዋ ወጥታለች። የሚታረመው ሰኞ ነው።»

«ይሁን።»

ስመለስ ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬም አልፈቱህም?»

«ወረቀቱ ላይ ስህተት ተገኘ» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እንዲያመሰግኑኝ አልፈለግኩም፤ አሁንም እንደተናደድኩባቸው ነበርኩ።

ሰኞ ወጣሁ። እሳቸው ከእኔ በኋላ እንደተፈቱ ሰምቻለሁ፤ ዳግም አልተገናኘንም። ዛሬ ገበሬዎችን ሳሠለጥን እርሾ እላለሁ፤ ፊቱን የሚያዞር የለም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይነሳና «እንዴት ያለ ቃል አገኙለት!» ይለኛል። ያን ጊዜ ምላሴ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «አዎ» ነው። እሱን ውጬ፣ አብረውኝ የታሰሩ አንድ አባት ናቸው ያወጡት፣ እላለሁ። እስካሁን እንዲያ ብያለሁ። ይህን የጻፍኩትም ለወደፊቱ ራሴን ስለማላምነው ነው።