በጋሽ ሽፈራው ሌንስ የተነሳ ፎቶ

ሰለሞን መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤቱ የሀዋሳን ሰው በሠርጉም በሐዘኑም ሲያነሳ ኖሯል። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በለቅሶ ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከመታወቂያው ላይ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ይመጣል። ሰለሞን ያሳድገዋል፣ ፍሬም ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ ፎቶው ለቅሶው ድንኳን ይገባል። የፈዘዘ ፎቶ ያመጣበትን ሰው ግን ሌላ ፈልግ ብሎ ይመልሳል። የፈዘዘ ሲያድግ ይብሳል ባይ ነው።

ሚስቱ ሙሉጌጥ ኩላሊቷን ታማ፣ ሐኪሞቹም ቤቷ ትረፍ ካሉ በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። በመታወቂያዋ ፎቶ እንዳይለቀስላት።

«እዚያ ላይ ዶሮ ሰርቄ የተያዝኩ ነው የምመስለው» አለችው። «በጋሽ ሽፈራው ሌንስ አንሳኝ፤ እንደ ሠርጋችን።»

ጋሽ ሽፈራው ሙያውን ያስተማሩት ሰው ነበሩ። የእነሰለሞንን ሠርግ ያነሱበትን የፊልም ካሜራ ሲሞቱ ለእሱ ተዉለት። ካሜራው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሌንሱ ግን ደህና ነው። ሰለሞን ከአዲስ አበባ ማገናኛ ቀለበት አስመጥቶ ዲጂታሉ ካሜራ ላይ ይገጥመዋል። ፊትን ለስለስ አድርጎ ስለሚያወጣ ሙሽሮች ይወዱታል። እንደ አዲሶቹ ግን በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ በዓይን እያዩ፣ በእጅ እያዞሩ ማጥራት ነው።

ሰለሞን በቁሟ ለለቅሶዋ ማንሳት ሟርት ሆነበትና ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። በመጨረሻ እሷው በባጃጅ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሌንሱን ልሞክረው ነው» አላት፣ የመጣችበትን ነገር ላለመጥራት።

«ሞክር እሺ። እኔም መሞቱን እየሞከርኩ ነው።»

በራሷ ቀልድ ፈገግ አለች። ፊቷ ካሜራው ውስጥ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይደበዝዛል። ዓይኑን በክንዱ ጠረግ አድርጎ እንደገና አዞረ። በራሱ የሚያጠራው አዲሱ ሌንስ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ትዝም አላለው። ጠራ ሲመስለው ቁልፉን ተጫነ።

በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሲያሳያት ደስ አላት። «ይቺ እኔ ነኝ» አለች። እሱም አመነ። ሌላ ልድገም ቢላት ደክሟት ነበር።

የሞተች ዕለት ጠዋት ጎረቤቶቹ አንተ ተቀመጥ፣ ፎቶዋን ሌላ ሰው ያሳጥበው ቢሉት እንቢ ብሎ ሱቁን ከፈተ። ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ አሳደገው። የነጠላዋ ጥለት ክሩ ሳይቀር ይለያል። ዓይኖቿ ግን ጭጋግ ውስጥ ናቸው። ሌንሱ ምንም አላጠፋም። ያን ቀን ሰለሞን ያጠራው በእንባ ውስጥ እያየ ነበር።

የመታወቂያዋን ፎቶ አውጥቶ አጠገቡ አደረገው። ጥርት ያለ ነው፤ የፈራች፣ የደነገጠች ሙሉጌጥ። ከዚያ የፈዘዘውን አተመ።

ድንኳን ውስጥ የሙሉጌጥ ታላቅ እህት እታፈራሁ እያለቀሱ ተነሱና የፎቶውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ተቀመጡ፣ አዩት፣ ደግመው ተነሱ።

«ምነው ሰለሞን፣ መስታወቱን እንኳ ሳታጸዳው?»

«ይተዉት እትዬ» አላቸው። «ከመስታወቱ አይደለም።»

አልሰሙትም። እፍ ብለውበት፣ የእህታቸውን ዓይኖች እንደገና መጥረግ ጀመሩ።