ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት ዘጠነኛው ዙር ነበር

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ፣ መስኮቷን ከከፈተች አንዲት መኪና ሬዲዮ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቤዝቦል እንጨት ኳሷን መሃሏ ላይ ሲያገኛት የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር እንደዚያ አይጮህም። ሳላስበው አንገቴን አዙሬ የአባቴን ታክሲ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። ታክሲው ከተሸጠ ስንት ጊዜው! አባቴም ጡረታ ወጥቶ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ተቀምጧል።

አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የእግር ኳስ ሰው ነበር አሉ። እዚህ መጥቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ግን አየር ማረፊያው ጋ ተራ እየጠበቀ፣ ሬዲዮውን እያዞረ፣ የከተማችን ቡድን ቤዝቦል ሲጫወት እየሰማ፣ መጀመሪያ ለእንግሊዝኛው ብሎ፣ በኋላ ለራሱ ለጨዋታው ብሎ ተለከፈ። ጨዋታው ዘጠኝ ጊዜ እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ነው፤ ሰዉ ኢኒንግ ሲለው አባቴ ዙር ነበር የሚለው። እማዬ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ ከሥራ ስትመጣ እግሯ አብጦ፣ ዕቃ ተሸክማ፣ እንዲያግዛት ከታች ስትጠራው «መጣሁ፣ አንድ ዙር ብቻ ቀረ» ይላታል። አንድ ዙር ደግሞ በቤዝቦል አምስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ሰዓትም።

አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ እማዬ ደጋግማ ደወለችለት። የደረሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ በማግስቱ ተሽሎኝ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ እሷ ግን ያቺን ቀን አልረሳቻትም። «ስጠራው አይመጣም» የምትለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሌላ ክስ አልነበራትም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ስጠራው አይመጣም፣ በቃ። ብርዱ ሲገባ ልብሱንና ሬዲዮውን ይዞ አሌክሳንድሪያ አንድ ክፍል ተከራየ። ይመለሳል ወይ ብዬ ስጠይቃት «ብርድ ነው፣ ካልሲሽን አድርጊ» ትለኝ ነበር።

ብርዱ ሲሰበር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይወስደኝና በሜትሮ ባቡር ወደ ስታዲየም እንሄድ ነበር። ሲዝኑ የሚከፈትባትን ኤፕሪልን ይወዳታል። ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ንፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። «ኤፕሪል ላይ ገና ማንም አልተሸነፈም፣ ሲዝኑ ረጅም ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ቤታችን የሚያወራ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡድኑ በየሲዝኑ መጀመሪያ የሠራውን ጉድ ሰዉ እስከዛሬ ያወራዋል፤ ከፊሉን እኛም አይተናል፣ ከፊሉ እዚያው እያለን አምልጦናል። አንድ ቀን በረዶ አይሉት ዝናብ እየወረደ፣ በሰፊው እየመራን መጨረሻ ላይ ተበልተን፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እኔና አባዬ ብቻ ፕላስቲክ ለብሰን ቀረን። ሌላ ጊዜ አንድ አዲስ ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ኳስ መትቶ ላይኛው ፎቅ ላይ ሲሰቅላት፣ እኛ ሁዳዴ ስለሆነ ሆት ዶጉን ትተን የተጠበሰ ድንች ለመግዛት ተሰልፈን ነበር። ጩኸቱን ሰምተን ስንሮጥ ልጁ ሜዳውን ዞሮ ጨርሶ ባልደረቦቹ ጭንቅላቱን ይመቱታል። አባዬ ድንቹን እንደያዘ «ወይ ሆዳችን!» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሙቀቱ ሲገባ ቡድኑ ታች ወረደ፣ አባዬም ሥራ በዛበት። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጋሽ በለጠ የሚባሉ፣ የወላጆቼን ሠርግ ያዩ፣ ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ለሁለቱም መደወል ጀመሩ። እማዬ ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ትዘጋዋለች፤ እኔ ጆሮዬን ለጥፌ የምሰማው «እሺ ጋሼ፣ አዎ ጋሼ፣ ኧረ አልጨከንኩም» ብቻ ነበር። የብርዱን ወራት ሙሉ እንዲህ ቆይተው በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ ለዕርቅ ሽማግሌ ይዘው እንዲመጡ ተቀጠረ።

የቀጠሮው እሑድ ጋሽ በለጠና ሁለት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። አባዬ በወጉ መሠረት ታች ፓርኪንግ ውስጥ ታክሲው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ እግሯ ላይ ይወድቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከአፓርትመንታችን በር ላይ፣ ለጌጥ ከተደረደሩት መሃል አንዱን ነጭ ድንጋይ ከአበባው ሥር አንስቶ ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። እኔ በመስኮት እያየሁት ነበር።

ሽማግሌዎቹ «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስ» ብለው ሳሎን መሃል ቆሙ። የጋሽ በለጠ ጉልበት ታማሚ ነው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግራቸው ይደገፋሉ። እማዬ ብዙ አለቀሰች፣ ብዙ ተናገረች፣ በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ «እሺ፣ ይምጣ» አለች። እኔ ሶፋው ላይ ዘለልኩ። ጋሽ በለጠ በረንዳ ላይ ወጥተው «ና ግባ!» ብለው ተጣሩ። አባዬ በመኪናው መስኮት አንድ ጣቱን አሳያቸው።

«አንድ ደቂቃ ነው የሚለው?» አሉ ጋሽ በለጠ። እማዬ ምን እንደሆነ ገብቷታል። እኔን ላኩኝ።

ደረጃውን በሩጫ ወርጄ በሩን ስከፍት ሬዲዮው ይጮሃል። ዘጠነኛው ዙር ነው፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው፣ የእኛ ሰው መንገድ ላይ አለ፤ ኳሷ ከሜዳ ውጭ ከተመታች እሱም መቺውም ዞረው ይገባሉ፣ ጨዋታው ያልቃል። «አባዬ፣ እሺ ብላለች! ና!» አልኩት። «መጣሁ የኔ ቆንጆ፣ አንዲት ኳስ ብቻ» አለኝ። «አሁን!» ብዬ እጁን ጎተትኩት። ያኔ ነው «ጧ!» ያለው። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ አበደ፣ አባዬ ከመኪናው ዘሎ ወጥቶ አቅፎ አሽከረከረኝ፣ ከዚያ ድንጋዩን አንገቱ ላይ ጭኖ ደረጃውን ወጣ።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ነበሩ። አባዬ እግሯ ላይ ወደቀ። ፊቱ ግን እንደ በራ ነው፤ ደስታው ለእሷ እንዳልሆነ እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ ታወቀኝ።

«አሸነፋችሁ?» አለችው ቀስ ብላ።

«አዎ» አላት። መዋሸት አያውቅበትም።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ድንጋዩን በእጇ ተቀብላ አነሳችለት፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን እዚያው አሌክሳንድሪያ ይኑር። ስጠራው አይመጣም ያልኳችሁ ይሄንን ነው» አለቻቸው። ጋሽ በለጠ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ አባቴንም ያንን ቡድንም ጠላሁ።

አባቴን ብዙም ሳልቆይ ወደድኩት። ያቺን ሆም ራን፣ ከሜዳ የወጣችውን ምት፣ ግን ሲዝን በተከፈተ ቁጥር «የማይረሱ የኤፕሪል ጊዜያት» እያሉ በቴሌቪዥን ያሳዩዋታል፤ እኔ ቻናል እቀይራለሁ።

አሁን ሀያትስቪል ነው የምኖረው። እማዬ እዚያው አፓርትመንት ናት፤ ነጩ ድንጋይ የበረንዳውን በር ከንፋስ ይይዝላታል። ኤፕሪል ሲመጣ አባቴን ስታዲየም የምወስደው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስንሄድ ብርዱ ያው ነው፣ ዘጠነኛው ዙር ነው፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው፣ የእኛ ሰው መንገድ ላይ ቆሟል። የአባዬ ስልክ ጠራ። የእማዬን ስም አይቶ ወዲያው ተነሳ፣ ጩኸቱ እንዳይረብሻት በታመመ ወገቡ ደረጃውን እየወጣ ሄደ። «አባዬ፣ አንዲት ኳስ ብቻ!» አልኩት። አልዞረም።

«ጧ!» አለ። ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ብቻዬን አየሁት።

ሲመለስ ሰዉ እየወጣ ነበር። «ምን ሆነ?» አለኝ።

«ሆም ራን ነው፣ አሸነፍን።»

«እሰይ!»

«እማዬ ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም። ብርድ ነው፣ ጃኬት ለብሰሃል ወይ አለችኝ» ብሎ ከጎኔ ተቀመጠና ዚፑን እስከ አገጩ ድረስ ዘጋ።