መንካት ክልክል ነው

በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይለዋወጣል፣ መምህራን ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰውዬ ግን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ቆልፌ» ይለዋል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም፤ እሱ እጅ የገባ ዕቃ ተመልሶ ሲወጣ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። ኳሶቹ ሳይለጉ አርጅተዋል፣ ጠመኔው ሳይጽፍ ተፈርፍሯል። «በእኔ ጊዜ የተሰበረ ዕቃ የለም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፤ ያልተነካ ዕቃ ምን ሆኖ ይሰበራል?

ዘንድሮ ለዓይነ ስውራን ሕፃናት ክፍል የሂሳብ መጫወቻ በካርቶን መጣ። ነጥቦቹ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ዶሚኖዎችና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የእንጨት ሰሌዳ ከነመሰኪያዎቹ ነበሩ። ሕፃናቱ በጣታቸው እየዳሰሱ ቁጥር እንዲማሩበት ተብሎ የተሠራ ነው። ጋሽ ቆልፌ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ቆለፈበትና በሩ ላይ በደማቅ ቀለም «መንካት ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ለማን እንደጻፈው እሱና ፈጣሪው ይወቁ።

የሕፃናቱ መምህርት ደጁን ጠናች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ቁጥርን እንደ ዘፈን በቃላቸው ነው የሚያወርዱት። የሚይዙት ነገር ይስጡኝ እንጂ።»

«እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። አሁን ብሰጥሽ በሳምንቱ ድራሹን ያጠፉታል።»

«የእርስዎም የልጅ ልጅ እኮ እዚያው ክፍል ናት። ቆጥራ ካላሳየች አንደኛ ክፍል አትገባም።»

«እሷማ ጎበዝ ናት» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ልጅቷ ነፍሱ ናት። እናቷ ሥራ ፍለጋ ርቃ ስለሄደች እሱና ሚስቱ ጋ ነው ያደገችው። ውሃ ሲጠማት እሱ ይቀዳል፣ ጫማዋን እሱ ያስራል። ብርጭቆ ፍለጋ እጇን ከሰደደች «ተይ የኔ እናት፣ ትጎጃለሽ» ይላል። እሷም ለመደችው፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ነው። ጎረቤቱ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ» እያለ ያደንቃል። ሚስቱ ብቻ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ መቼ ነው ከመደርደሪያ የምታወርዳት?» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ እንግዶች የመጡ ቀን ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። መምህርቷ ሰሌዳውን የልጅቷ ፊት አስቀመጠች። ጋሽ ቆልፌ ጢሙን እያሻሸ በር ላይ ቆሟል።

«እስኪ ሦስት መሰኪያ አንሺልኝ» አለች መምህርቷ።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ፊትሽ ነው ያለው፤ እጅሽን ዘርጊ።»

«አልነካም» አለች በለሆሳስ፣ «አባባ ይቆጣል።»

ከእንግዶቹ አንዱ «ሥርዓቷ ደስ ሲል» ብሎ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ጋሽ ቆልፌ ብቻ አላጨበጨበም። አፈረ። ልጅቷን ከክፉ ነገር ሁሉ ሲጠብቃት ኖሮ ከቁጥርም ጠብቋታል።

እንግዶቹ እንደሄዱ ርእሰ መምህሩ «በሉ ጋሼ፣ ይቆልፉት» አለው። እሱ ግን መጫወቻውን በካርቶኑ ታቅፎ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ገባና ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው። የልጅ ልጁ አጠገብ በርከክ ብሎ «ንኪ የኔ እናት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት።

መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ብቻ ነካ አደረገች። ቀን በቀን ግን እጇ ተፈታ፤ ከሌሎቹ ጋር መሻማት፣ መጨቃጨቅ ጀመረች። ጋሽ ቆልፌ በሰበብ አስባቡ ብቅ እያለ ያያታል፤ አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ልቡ አብሮ ይወድቃል፤ ቢሆንም ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል።

አንድ ቀን አምስት መሰኪያዎች ሰክታ ሳለ ክርኗ ሰሌዳውን መታው፤ አንዱ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ጋሽ ቆልፌ አላስችል ብሎት ሊያነሳው ተንደረደረና በገዛ ጫማው ረገጠው። ቀጭ አለ። ልጅቷ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰች።

«አባባ፣ አምስት ነበር፤ አሁን አራት ነው። አንድ ጎድሏል።»

ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲፈራው የኖረ ሰው ነው።

«ጎድሏል የኔ እናት» አለ የተሰበረውን መሰኪያ ከጫማው ሥር እያነሳ፣ «ሌላም ይጎድላል። አንቺ ብቻ ቁጠሪ።»