የአባ ቢያ ጾምና የዓይን ጠብታ

ጅማ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባልዲና መወልወያ ሰጡኝና «ጓድ ደምሴ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ነገር ከጀርም የጸዳ ነውና እንዳትነካ» አሉኝ። ሐኪሙም አረንጓዴ ለብሶ ኖሮ፣ ሰላም ሊለኝ እጁን ቢዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ እየቆየ ቁስል ማጠብና ጠብታ ማድረግ አስተማሩኝ።

አባ ቢያ የሚባሉ የሰቃ ወረዳ ቡና ገበሬ የመጡት ያኔ ነው። የገዛ ሰውነታቸው ዓይናቸውን እንደ ጠላት እየወጋ፣ የዓይን ቆባቸውን ከዓይናቸው ጋር በጠባሳ የሚያጣብቅ በሽታ ነበረባቸው። ግራው ጠፍቷል። በቀኙ ላይ ደግሞ ግላኮማ ተጨመረና የዓይናቸው የውስጥ ግፊት አልወርድ አለ። ሐኪሙ ብዙ ወር በክኒን በሽታውን ካበረደ በኋላ፣ ጠባሳ ያልደረሰበት ጥግ ፈልጎ በዓይናቸው ውስጥ የታቆረው ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ በቢላዋ ከፈተ።

«ጠብታው በየሁለት ሰዓቱ ካልገባ ጠባሳ ይደፍነዋል። ሌላ ዓይን የላቸውም» አለኝ።

በማግስቱ ረመዳን ገባ።

«ጠብታ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ይመራል፣ ጾም ያስፈታል ይላሉ። ጀምበር ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ አድርግልኝ» አሉ አባ ቢያ።

«ሕመምተኛ ተፈቅዶለት የለም እንዴ?»

«የተፈቀደልኝን በቀዶ ጥገናው ቢላዋ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ እጾማለሁ።»

«አባባ፣ ዓይንና ጉሮሮ ምን አገናኛቸው?»

«እስቲ በራስህ አሳየኝ።»

አልጋው አጠገብ ካሉት የጠብታ ጠርሙሶች የቀረበኝን ጽሑፉን ሳላይ አንስቼ በራሴ ዓይን ጠብ አደረግሁ። ጉሮሮዬ እንደ ኮሶ መረረ። ፊቴን አጥርተው ባያዩም ምራቄን ስውጥ ሰሙኝ።

«መረረህ?»

«ትንሽ።»

«በል እንግዲህ፣ መግሪብ ላይ ና።»

ሐኪሙ ለጉብኝት ሲገባ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። «ደምሴ፣ አንዱ ብሌንህ ለምን ሰፋ?»

ያነሳሁት ብሌን የሚያሰፋውን አትሮፒን ኖሯል። ተናዘዝኩ። አልተቆጣም፤ ጎንበስ ብሎ የአባ ቢያን ዓይን ጥግ አሳየኝ።

«አባ ቢያ፣ ጠብታ ጉሮሮ የሚደርሰው እዚህ ጋ ባለች የእንባ ቀዳዳ ነው። የእርስዎን በሽታው ከደፈናት ቆይቷል። የደምሴ ክፍት ናት።»

«ከመረረኝስ፣ የዛሬዋን ቀን ደምሴ ይጾምልኛል?»

«ይጾማል» አለ ሐኪሙ፣ እኔን ሳይጠይቅ።

ጠብ አደረግሁ። አባ ቢያ መራራ ካለ ብለው ምላሳቸውን እያገላበጡ ቀመሱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም። ይሄ ክፉ በሽታ አንድ ደግ ሥራ ሠርቷል።»

ከዚያ በኋላ ሰዓት ጠባቂው እሳቸው ሆኑ። ትንሽ ከዘገየሁ «ደምሴ፣ ጾሙ አንተን ነው እንዴ ያደከመህ?» ይሉኛል። ቀዳዳው አልተደፈነም። በለቀማ ወቅት በዚያች ዓይን ቀዩን ቡና ካልበሰለው እየለዩ እንደሚለቅሙ ሰው ልከው ነገሩኝ።

እኔ ግን አትሮፒኑ አንድ ዓይኔን አደብዝዞት ፊደል እየተደራረበብኝ፣ ሳምንት ሙሉ የጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ አቅቶኝ ነርሷ እያነበበችልኝ ሠራሁ።

የሕመምተኛ ዓይን የሚመረመረው በራሱ በሕመምተኛው ላይ ነው። የጠርሙስም ጽሑፍ ከማንጠባጠብ በፊት ይነበባል።