ዘንገና ዳር የተነሳች እጅ

አባቴ ጎህ ሲቀድ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ወጥተው አጥሩ ጥግ ይቆሙ ነበር። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አድርገው ፊታቸውን ወደ ዘንገና ሐይቅ ይመልሱና ያዳምጣሉ። ቤታችን ከመንደሩ ሁሉ ከፍ ብሎ ወደ ሐይቁ አፋፍ የተጠጋ ስለሆነ ከማዶ የሚመጣ ድምፅ መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ አንዱ አፋፉ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ድምፁ በውሃው ላይ ተሻግሮ ይመጣል። አባቴ ሰምተው ከታች ላለው መንደር ያስተላልፋሉ። ይህን ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው፤ የሾማቸው የለም፣ የሚያመሰግናቸውም የለም።

ለሞት ጥሪ "አቤት" አይባልም። አቤት ያለ ሞትን ወደ ራሱ ቤት ጠራ ይባላል። የሰማ ሰው አፋፉ ላይ ይወጣና እጁን ከፍ አድርጎ ያነሳል። ማዶ ያሉትም እጁን ሲያዩ መርዶው እንደደረሰ አውቀው ወደ ለቅሷቸው ይመለሳሉ።

ጥሪ በሌለበት ማለዳ፣ አብዛኛውም ማለዳ እንደዚያ ነበር፣ አባቴ ወፉን፣ ነፋሱን፣ የጎረቤቱን ፈረስ ሁሉ አዳምጠው ሲጨርሱ "ተመስገን፤ ሁሉም አድሯል" ይላሉ። እኛን እንዴት አደራችሁ የሚሉን ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ግራ የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ሰው የሚጠሩት በአገራችን ቋንቋ በአዊኛ፣ ፈጣሪን የሚያመሰግኑት በአማርኛ ነው።

"እግዜር አዊኛ አይሰማም እንዴ አባዬ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይሰማል። ቄሶቹ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው" አሉኝና ሳቁ።

ስልክ ቤታችን የገባው በሁለት ሺህዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ነው። እናታችን ሞታ አባቴ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ዳንግላ ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ፣ "ብቻቸውን ሆነው ቢታመሙስ?" ብሎ መብራት፣ ሬዲዮና ሚሞሪ ያለው ስልክ ገዛላቸው። ሲጮህ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ስልክ ነው። እኔ እንጅባራ ልብስ እሰፋለሁ፤ በገበያ ቀን ስልካቸውን ይዘው ይመጡና ከኔ ዘንድ ቻርጅ አድርገው ይመለሱ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ እየፈሩት በጨርቅ ጠቅልለው መሶብ ውስጥ ያኖሩት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ ሆነ።

ስልኩ ምን እንደነጠቃቸው ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ዓመት በዓል ደርሶ ቤት ባደርኩ ቁጥር ማለዳ አጥሩ ጥግ ቆመው አያቸዋለሁ፤ ግን አንገታቸው ደፋ ብሏል። ስልኩን ያያሉ፣ ወደ ግራ ያዘነብሉታል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል። "ተመስገን" የሚለው ቃል ዘገየ፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ቀረ። ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

"ዱሮ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው። ይኸ ዝም ሲል ግን ወይ ሁሉም ደህና ነው፣ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ኔትወርኩ ጠፍቷል። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ላመስግን?"

ተናደድኩ። ለወንድሜ ደውዬ ብነግረው "ዘመን ነው እትዬ፣ ይለምዱታል" አለኝ። እሱ ሁሉንም ነገር ዘመን ነው ብሎ ነው የሚዘጋው።

ከሐይቁ ማዶ የሚኖሩት የአባቴ ታናሽ እህት በዚያው ሰሞን ታመሙ። ከአባቴ እህትና ወንድሞች የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ የምናገረውን በዓይኔ አላየሁትም፤ ከአባቴና ከአክስቴ ባል አፍ የሰማሁት ነው።

ነፋስ የበዛበት የመጋቢት ማለዳ ነው። አባቴ እህታቸውን ሲያስታምሙ ሰንብተው ከብቶቹን ለማየት ወደ ቤት ተመልሰው አድረዋል። ሲነቁ አጥሩ ጥግ አልቆሙም፤ ወደ አክስቴ ባል ደወሉ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። አፋፉ ላይ ወጡ። ስልኩን ይዘው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ኔትወርኩ መጣ። ደወሉና ስልኩን አንድ ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ነፋሱ አላሰማ ስላላቸው ሌላኛውን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑት። ስልኩ ዝግ ነው የምትለዋ ሴት መለሰችላቸው። ደግመው ደወሉ፣ ደግማ መለሰችላቸው። የአክስቴ ባል ስልክ ባትሪው አልቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

የስልኩ ባለቤት ግን ማዶ አፋፍ ላይ ቆመው በአዊኛ የአባቴን ስም እየጠሩ ነበር።

ከማዶ የታየው ይህ ነው፤ አባቴ አፋፉ ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ጠሪዎቹ መለሱ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው አነሱ። ማዶ ያሉት "ሰማ" ተባብለው ወደ አክስቴ ሬሳ ተመለሱ። ሌላ መልእክተኛ አልላኩም፤ ለምን ይልካሉ?

አባቴ ወርደው ለላሚቱ ሣር ሲያጭዱ ዋሉ። "ስልኩ እንቢ ሲለኝ፣ ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ይጣሩ ነበር ብዬ ተጽናናሁ" አሉኝ ቆይተው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንድሟ ሳይመጣ አፈር አትለብስም ብለው ጠበቋቸው። ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ቆሙ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አክስቴ ተቀበሩ። ከኛ መንደር አንድም ሰው አልነበረም፤ የመንደሩ ጆሮ አባቴ ነበሩና።

አመሻሽ ላይ ኔትወርኩ በራሱ ጊዜ መጣና ስልኩ ጮኸ። ዳንግላ ያለው ወንድሜ ነው፤ ከማዶ ሰዎች ሰምቷል።

"አባዬ፣ አይዞዎት። ቀብሩ እንዴት ሆነ? እኔ መኪና አጥቼ ቀረሁ።"

"የማን ቀብር?" አሉ አባቴ።

አባቴ በፈረስ ማዶ ደርሰው አክስቴ በር ላይ ሲወርዱ የአክስቴ ባል ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን "አንተ" የሚባባሉ አማቾች ናቸው። ያን ቀን ግን "እርስዎ" አሏቸው።

"እርስዎ እጅዎን አንስተው አላየንዎትም?"

አባቴ ስልኩን ከደረት ኪሳቸው አወጡና በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩ። "ይኸን ነው ያነሳሁት" አሉ።

የአክስቴ ባል ስልኩን ረጅም ጊዜ አዩት። "ይኸን?" አሉ። አስገብተው አስቀመጧቸው፤ ያስቀመጧቸው ግን ወንድም በሚቀመጥበት ሳይሆን ከሩቅ ለቀስተኛ ጋር ነው። ያምኗቸው አያምኗቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በገበያው፣ በጥሊሊ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር "እህቱን ያልቀበረ" እየተባለ ይወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባቴ ዘንድ የደረሰው ሰው ሁሉ ከጠገበው በኋላ ነው።

ስልኩን ሐይቁ ውስጥ ወረወሩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልወረወሩትም። ይልቅ የባሰ አጥብቀው ያዙት፤ ሲተኙ ከትራሳቸው ስር ያደርጉታል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ጥሪ መስማት ጀመሩ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ተነሱ። "ስሚ" አሉኝ። ሰማሁ፤ ነፋስ ብቻ ነው። "እየተጣራ ነው" ብለው ወጡ። ተከትዬ አፋፉ ድረስ ሄድኩ። ከታች ውሃው ረግቶ ተኝቷል፤ ዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ይንጫጫሉ። ማዶ ላይ የሰው ዘር የለም። አባቴ እጃቸውን ከፍ አድርገው አነሱ። ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ አላወረዱትም።

ፈራሁ። ማዶ ማንም እንደሌለ አይቻለሁ፤ ግን ደግሜ ለማየት ድፍረት አጣሁ። እንጅባራ ከተመለስኩ በኋላም የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ስሰፋ ስልኬ የጮኸ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ፤ ሳየው ማንም አልደወለም። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሰዎች እኔ ስለካቸው እንኳ ዓይናቸውን ከስልካቸው አያነሱም። "ክንድሽን አንሺ" ስላቸው በሌላኛው እጃቸው ይዘውት ያነሳሉ። ያን ጊዜ መለኪያው ሜትር ከእጄ ይወድቃል።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ አጥሩ ጥግ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቆምኩ።

"የተጣራ ሰው አለ?" አሉኝ።

"የለም አባዬ።"

"ስልኩስ?"

"አልጮኸም።"

"ኔትወርክ አለው?"

"አለው።"

"ወንድምሽ?"

"ማታ አዋርቼዋለሁ፤ ደህና ነው።"

ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተነሳ ነበር። ገብሱ በጤዛ ርሷል፤ የጎረቤት ፈረስ አሽካካ፤ ከታች መንደር ጭስ መውጣት ጀመረ። ያቺን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ጓጓሁ፤ ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ ጓጉቼ አላውቅም።

"አባዬ፣ ሁሉም አድሯል እኮ" አልኳቸው።

ስልኩን አገላብጠው አዩት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እንግዲያ እስኪደውሉ እንጠብቅ" አሉኝ።