ጥሩንባው የማይደርስበት

ጋሽ ነገራ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ይነሱና በየመንገዱ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። የመንገዳቸው መጨረሻ የእኔ ቤት ነው። እዚያ ሲደርሱ ጥሩንባውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ተሰማ?» ይሉኛል።

«ተሰምቷል፣ ጋሼ» እላለሁ። ካላልኩ አይሄዱም። ስንት እንቅልፌን እንዳበላሹብኝ እግዜር ይወቀው።

ሰውየው ድርቅ ያሉ ናቸው። ያደጉት እንጦጦ ዳገት ላይ ነው፤ ሲቀልዱ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ። ድሮ ሰፈሩ ከአፍ እስከ ገደፉ በተከራይ ሞልቶ ሁሉም እድር ልግባ ሲል፣ «ጥሩንባዬ የማይሰማበት ቤት አባል አይሆንም! እግሬ የብረት ነው እንዴ?» ብለው ተነሱ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ደንብ ሆነ። ከሰፈር ርቆ የሄደም በዚያው ደንብ ከእድሩ ይወጣ ጀመር።

ከዚያ ሰፈሩ ይሳሳ ገባ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሌላው ቤቱ ፈረሰበት። ባለፈው ዓመት ተራው የጋሽ ነገራ ሆነ። ቤታቸው ለመንገድ ፈረሰና ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉ ጋር ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ከእኛ እስከዚያ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ነው፤ እንኳን ጥሩንባ ታክሲም በመከራ ነው የሚደርሰው። በራሳቸው ደንብ ወጡ ማለት ነው። የሳቁባቸው ነበሩ፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። እትዬ ሙሉ ኩላሊታቸው ደክሞ ነበር።

«ሙሉን ማን ይቀብርልኛል?» አሉኝ አንድ ቀን። «እዚያ ፎቅ ላይ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም።»

ጉዳዩ እሑድ ለጉባኤ ቀረበ። የእድሩ ዳኛ አቶ ጉልላት፣ «ለአንድ ሰው ተብሎ ደንብ አይላላም» አሉ። ያኔ ሮሐ ተነሳች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሥራዋ የክፍለ ከተሞቹን የሕዝብ ቁጥር ማነጻጸር ነው።

«እ... ማለቴ፣ የእኛ ጉለሌም ጨምሯል» አለች። «ግን ቀስ እያለ ነው። በፍጥነት የሚያድጉት ዳር ዳር ያሉት ናቸው። የእኛ ሰፈር ብቻውን ቢታይ እንደውም እየቀነሰ ነው።»

«እዚያ ያሉት ብዙ ይወልዳሉ በይኛ!» አሉ አቶ ጉልላት።

«ኧረ አይደለም፣ ጋሼ። አብዛኛው ከመሃል የሄደ ሰው ነው። እነሱ ጋ ከጨመረው ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉበት። እንዲህ ከቀጠልን ድንኳን የሚተክል እናጣለን፣ በቃ።»

እኔ የቁጥር ነገር አይገባኝም። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረ ቦታ ላይ ሕንፃ ቆሞ በእጥፍ አደገ ቢባል ምን ይደንቃል? ድንኳኑ ግን ገባኝ። ባለፈው ለቅሶ ምሰሶ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ከነወገብ ሕመሜ!

ሮሐ ሐሳቧን ጨረሰች፤ ደንቡ ይሰረዝ፣ የሄዱት ወደ እድሩ ይመለሱ፣ ጥሪው በቴሌግራም ይሁን። ሁሉም ወደ ጋሽ ነገራ ዞረ። ቴሌግራም ካለ ጥሩንባ ምን ሊሠራ? እሳቸው ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ደንቡ ተሰረዘ። ጥሩንባውን ላስረክብ ቢሉ ግን እጁን የዘረጋ አልተገኘም፤ ይዘውት ሄዱ።

እትዬ ሙሉ ያረፉት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ማለዳ በቴሌግራም አነበብኩ፤ ቀብሩ እዚሁ ደብራችን ነበር። አልቅሼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልወጣ ስል ጥሩንባ ሰማሁ።

ጋሽ ነገራ ናቸው። ሰው ለምነው በመኪና መጥተዋል። በድሮው መንገዳቸው፣ በፈረሱት ቤቶች ፊት ሳይቀር እየቆሙ ነፉ።

«የነገራ ባለቤት ሙሉ አርፋለች! ቀብር ስድስት ሰዓት!»

የተከፈተው በር ጥቂት ነው። አንጀቴን በሉት።

እኔ በር ላይ ሲደርሱ ጥሩንባውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ተሰማ?»

ልመልስላቸው አፌን ብከፍት ልቅሶ ቀደመኝ። ከታች ከአስፋልቱ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችን ከሚኒባስ እየወረዱ የድንኳን ምሰሶ ተሸክመው ዳገቱን ይወጡ ነበር፤ ሁሉም ጥሩንባ ከማይደርስበት የመጡ ናቸው። ጋሽ ነገራ አላዩዋቸውም፤ እኔን እየተመለከቱ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ተሰምቷል፣ ጋሼ!» አለ አንዱ ከዳገቱ ሥር።