የሽማግሌዎቹ ጫማና የባሌ አራት ውሾች

ትናንት ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ... ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ባሌ አራት ውሾች አሉት። «አሉን» አልልም፣ የእሱ ናቸው። ነብሮ፣ ቡቺ፣ ማኪ እና ኮማንደር። ሚዛን ከተማ ውስጥ የተጣለ ቡችላ ካለ ባሌ አንስቶ ይዞት ይመጣል። ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ፣ የጎረቤት ዶሮ ያሳድዳሉ፣ ያሰጣሁት ቡና ላይ ተጋድመው ይተኛሉ። የማያደርጉት ነገር ቢኖር ሌባ ላይ መጮህ ብቻ ነው።

ትናንት ለታናሽ እህቴ ለመሲ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነበር። መሲ የምትኖረው እኛ ጋ ነው። አባዬም ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ከገጠር መጥቷል። ልጁ የቴፒ ልጅ ስለሆነ አባዬ «ቤተሰቡን አላውቅም» ብሎ ፊቱን አጥቁሯል። መሲ ሳምንቱን ሙሉ በጾም በጸሎት ነበረች።

ባሌን ለመንኩት። «ዛሬን ብቻ እነዚህን ጉዶች ዝጋልኝ።»

«ማገዶ ቤት አስገብቼ በሩን በገመድ አስሬዋለሁ፣ አታስቢ» አለኝ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በዝናብ ደረሱ። የሰፈራችንን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ቤት አናቆሽሽም» ብለው በረንዳ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። «ኧረ ዝም ብላችሁ ግቡ» ብል ማን ሰምቶኝ!

አባዬ ተቀመጡ ሲላቸው፣ የልጁ አጎት ጋሽ ወልዴ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እንደቆሙ ተናገሩ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና...

«ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» አለ።

መሲ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ በረንዳው ወጡ... ጫማ የለም። አንድም!

ግቢው መሃል ኮማንደር የጋሽ ወልዴን ጫማ በአፉ አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ሦስት ውሾች ይከተሉታል። የማገዶ ቤቱ ገመድ ተበጥሷል። ባሌ ዝናብ እየመታው «ኮማንደር! ና የኔ ጌታ!» ይላል። የኔ ጌታ!! እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ አፈረ። «እንግዳ በካልሲ አልሸኝም፣ ግቡ» አለ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ምሳ አቀረብኩ። ባሌ የጓሮውን ቡና ተክል ስር ለስር ሲያስስ ቆይቶ ጫማዎቹን አመጣ። የሁለቱ ሽማግሌዎች በመጠኑ ታኝኳል። የጋሽ ወልዴ ግን አንዱ ተረከዝ የለውም።

ጋሽ ወልዴ ጫማውን ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እኛ ቤትም እንዲህ ያለ አንድ አለ» አሉ። «የባለቤቴን መጽሐፍ ቅዱስ ነው የበላው። ኦሪትን ጨርሶ ነቢያት ላይ ሲደርስ ያዝነው።»

አባዬም ሳቀ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እየቆየም ወሬያቸው ደራ... ስለ እርሻ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ። በመጨረሻ አባዬ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ፦

«ጫማው ተበልቶ የማይቆጣ ሰው ያለበት ቤተሰብ ልጄን አይበድልብኝም። ያልኩትን ሦስት ወር ተዉት። ሰጥቻችኋለሁ» አለ።

መሲ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ጋሽ ወልዴ የባሌን የእሁድ ጫማ አድርገው ወደ ቴፒ ተመለሱ። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ ባሌን ሳልጠይቀው!

እሱ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አየሽ? መሲን የዳራት ኮማንደር ነው!» ብሎ ከእንግዳ ምሳ የተረፈውን ሥጋ እየቆረጠ አጎረሰው። ይቅርታ የለ፣ ማፈር የለ። አራቱም ጭራቸውን እየቆሉ ያዩኛል።

እናም በሰርጉ ቀን ከአራቱ አንዱ ግቢ ውስጥ ቢታይ... ቀጣዮቹ ሽማግሌዎች የሚመጡት እኔንና ባሌን ለማስታረቅ ይሆናል።